ያዝ፣ ለቀቅ

የጉባኤው ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡም ይኸው እጄ ላይ፣
አሥራ አንድ ዓመት አንድ አጀንዳ፣ ገጹን ለገለጠ የሚታይ፣
በኮርንዎል ጠረፍ፣ ከዓሣ ወደቡ በላይ፦
«ወጣቶቻችን የት ገቡ?»
                መልሱም ያው ነው በየስብሰባው፦
«ያዝ ለቀቅ ናቸው፣ ያዝ ለቀቅ፤ ዛሬ መጥተው ነገ የት አባታቸው!»

ገንዘብ ያዣችን ዲጎሪ፣ ሐሳብ የማያልቅበት ሰው፣
«ከበሮ እንግዛ» አለ፤ ገዛን። አቧራ ለበሰው።
ባለቀለም አምፖል ሰቀልን፣ ሶፋ አስገባን ከጓዳው፣
ሶፋው ላይ የተኛበት የጎረቤት ድመት ነው።

ከግንቡ ላይ ስድስት ደወል፤ ሁለቱ አፋቸው ተዘግቶ፣
ገመዳቸው ተጠቅልሎ፣ ሸረሪት ድሩን አድርቶ፤
ሐሙስ ማታ ሞርዌና ብቻ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣
ስልሳውን ደረጃ ትወጣለች፣ ጉልበቷ እየቆረጠማት።

አንድ ሐሙስ ዶፍ ወረደ። ከወደቡ በረዶ ጫኝ
ጃጎ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ዝናብ ሸሽቶ በሯ ሥር ሲገኝ፣
አልጠየቀችውም ስለ እምነቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሥራው፤
«ኮትህን አውልቅ» አለችው፤ «ይኼን ገመድ ያዘው።»
ቀይና ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ የበግ ጭራ የመሰለ
እጀታውን ጨበጠ ልጁ፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያማ ትስባለህ። ስትስብ ይወጣል።
ከላይ ያለው ግማሽ ቶን ነሐስ ነው፤ ጉልበትህን ይንቃል።
ያዝ ስልህ ያዝ፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ፤
አልለቅም ያልክ እንደሆን፣ ከጣራው ጋር ነው መተዋወቅ።»

ያዝ።
ለቀቅ።
ያዝ።
ለቀቅ።
ሁለት እጇ ከእጁ አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ሳይርቅ፣
ልጇ ዳዴ እንደሚልባት፣ ከመውደቅ ብቻ ስትጠብቅ።

እኔ የጥገናውን ደረሰኝ ላስፈርማት ወጥቼ ነበር፤
ደረሰኙን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ከአፌ ሳይወጣ አንድ ነገር።
ያ የስድብ ቃላችን፣ በየወሩ የጻፍኩት፣
እዚህ ለካ ትምህርት ነው፤ ደወል የሚያናግሩበት።

በኅዳር ጠፋ። ሦስት ሳምንት፣ አምስት፣ ሰባት።
«አላልኳችሁም?» አለ ዲጎሪ፤ እኔም ጻፍኳት።
ሞርዌና ትንፍሽ አላለች። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥታ፣
ወደቡ ወርዳ ተሰለፈች፣ ከዓሣ ገዢዎች ገብታ።
«ለምን ቀረህ?» አላለችም። ሁለት ማኬሬል አስመዝና፣
«አምስተኛዋ ደወል ዝም ብላለች» አለችና፣
ሒሳቧን ከፍላ ሄደች።
                እሱም ነገረኝ በኋላ፦
«ጀልባችን በዕዳ ተሸጠ፤ አባቴ መጠጥ፣ ሌላ ሌላ...
ብትመክረኝ እሸሽ ነበር። እኔን ብቻ የሚጠብቅ ደወል
አለ መባሉ ግን፣ እንቅልፌን በላ።»

በጥር መጣ። ያጨበጨበም፣ ያለቀሰም ሰው አልነበረ፤
የረሳው ሹራብ ሚስማሩ ላይ ነበር፣ ክርኑ ተጠግኖ ያደረ።

በሰኔ የሞርዌና ጣቶች አልጨብጥ አሉ፤ ደከሙ፤
ቁልፉን ለልጁ ሰጠችው፣ የጉባኤው ሰዎች ሳይስማሙ።
«ሃያ አንድ ዓመቱ ነው! ዋሱ ማነው?» ዲጎሪ ጠረጴዛ መታ፤
«ቀለም አለቀብኝ» ብዬ ዋሸሁ፤ ገጹ ባዶ ቀረ በዚያች ማታ።

እሑድ ሲደውል፣ ከመስኮቷ ሥር ወንበር ስበን አስቀመጥናት፤
በመሀል ሳተ፤ አንድ ምት ዘገየ፤ እኔ አፈርኩላት፤
እሷ ግን ሳቀች፦ «እሰይ! የራሱ ስሕተት ናት፤
የእኔ ብትሆን ኖሮ ነበር የማዝንባት።»

ትናንት ሐሙስ ነበር። ደረጃውን ወጣሁ፣ መዝገቤን ታቅፌ፤
ትንፋሼ አጥሮ ቆምኩ፣ ከበሩ ደፍ ተደግፌ።
ጃጎ ኬሬንሳን ያስተምራል፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።
ልጅቷ ዘግይታ ለቀቀች፤ ገመዱ እንደ እባብ ተወረወረ፤
የጃጎ እጅ ሊነጥቃት ሄዶ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።
«ደግመሽ ያዢ» አላት፣ ያችኑ ብቻ።
                ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፦
«ስድስተኛዋ ሰው የላትም።»
«እኔ? በስልሳ አራት ዓመቴ? ወገቤም አያስችለኝ፤
ጸሐፊ ነኝ እኮ...»
                «ኮትዎን ያውልቁ» አለኝ።